የዊንዶውስ ቁልፉ ከመጫኛው ፍላሽ ጋር አይገጥምም፦ የትኛው ፕሮዳክት ኪይ ለየትኛው?

ባዶ_ዲስክ (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኤክሴል ላይ 40 የዊንዶውስ ቁልፎች አሉ፤ ከጎናቸው «ዊን 10» ከሚል በቀር ምንም አልተጻፈም። መጫኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ በሚዲያ ክሪዬሽን ቱል (በማይክሮሶፍት መጫኛ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ፍላሽ፣ ከቮልዩም ላይሰንስ (የድርጅት ፈቃድ) ፖርታል የወረደ አይኤስኦ (የዲስክ ቅጂ ፋይል)፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሰርቨር 2019 ዲስክ። ገሚሱ ቁልፍ ፍላሹ ላይ ሲገባ «ከምስሎቹ ከአንዱም ጋር አይዛመድም» ይላል። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ጭራሽ ቁልፍ ሳይጠይቁ ሆም ይጭናሉ፤ የሚፈለገው ፕሮ ነው። አንድ በአንድ ከመሞከር ሌላ መላ አለ?

ሩት_ዩዘር
መሞከሩን አሁኑኑ አቁም። ከውስጣቸው ኤምኤኬ (ለተወሰነ ቁጥር ማሽን የሚሠራ የድርጅት ቁልፍ) ካለ በእያንዳንዱ አክቲቬሽን (ቁልፉ ማይክሮሶፍት ዘንድ ሲጸድቅ) ከተፈቀደለት ቁጥር ላይ ይቀነሳል፤ ማሽኑን ፎርማት ብታደርገውም የተቀነሰው አይመለስም።

ቁልፉ «ዊንዶውስ 10» የሚባለውን ሁሉ አይከፍትም። አንድ ኤዲሽን (ሆም፣ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባለውን) እና አንድ ቻናል (በችርቻሮ የሚሸጥ ሪቴይል፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣ ኦኢኤም ወይም ለድርጅት የሚሸጥ ቮልዩም) ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ መጀመሪያ መጫኛው ውስጥ ምን እንዳለ እይ። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈትና ይህን ጻፍ (በላቲን ፊደል ማለቴ ነው፤ «ዲ» የፍላሹ ድራይቭ ፊደል ነው)፦

ዲአይኤስኤም /ጌት-ዊምኢንፎ /ዊምፋይል:ዲ:\ሶርስስ\ኢንስቶል.ኢኤስዲ

በሚዲያ ክሪዬሽን ቱል የተሠራው ፍላሽ ኢንስቶል.ኢኤስዲ አለው፤ የቮልዩሙ አይኤስኦ ግን ኢንስቶል.ዊም ነው፣ ትእዛዙ ውስጥ የፋይሉን ስም ቀይር። ፍላሹ 32 እና 64 ቢት አንድ ላይ የያዘ ከሆነ ሶርስስ ፎልደር በየአርኪቴክቸሩ ፎልደር ውስጥ ነው። ሲዘረዝርልህ ልዩነቱ ይታያል፦ ፍላሹ ላይ ሆም፣ ፕሮና ኤዱኬሽን አሉ፣ ኢንተርፕራይዝ የለም። ቮልዩሙ ላይ ኢንተርፕራይዝ አለ፣ ሆም የለም። የኢንተርፕራይዝ ቁልፍ ፍላሹ ላይ «አይዛመድም» ቢባል ቁልፉ ሞቷል ማለት አይደለም።

ለቁልፎቹ ቫምት ተጠቀም፤ ዊንዶውስ ኤዲኬ በሚባለው የመሣሪያዎች ጥቅል ውስጥ ያለ የማይክሮሶፍት የቁልፍ ማስተዳደሪያ ነው። ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ የሚባል ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ ይህ ትንሽ ያደክማል፤ ለ40 ቁልፍ ግን ያዋጣል። ዝርዝሩን ከኤክሴል በሲኤስቪ ፋይል አውጥተህ አስገባለት፤ የእያንዳንዱን ኤዲሽንና ዓይነት ያሳይሃል፣ ኤምኤኬ ከሆነም ስንት አክቲቬሽን እንደቀረው ከኢንተርኔት ያመጣል። የቆየ ቫምት አዳዲስ ቁልፎችን ስለማያውቅ ልክ አይደሉም ይላቸዋል፤ የቅርቡን አውርድ።

ባዮስ_ጠጋኝ
የላፕቶፖቹ ጉዳይ ሌላ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አምራቾች ቁልፉን ፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር) ውስጥ፣ ኤምኤስዲኤም በሚባል ሠንጠረዥ ይከቱታል። ሴትአፕ (የዊንዶውስ መጫኛ ፕሮግራሙ) እሱን ያነባል፣ ሆም መሆኑን ያያል፣ አንተን ሳይጠይቅ ይቀጥላል።

ማስቆሚያው ቀላል ነው። ፒአይዲ.ቲኤክስቲ የሚባል ፋይል ፍላሹ ላይ ሶርስስ ውስጥ ፍጠር። ሁለት መስመር ይበቃዋል፦

[ፒአይዲ]
ቫልዩ=የፕሮ ቁልፉ፣ 25ቱም ፊደል ከነሰረዙ

ሴትአፕ ይህን ፋይል ከፈርምዌሩ ቁልፍ ያስቀድማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኖትፓድ ላይ ነው፦ የፋይል ኤክስቴንሽን ተደብቆ ስሙ ሳይታወቅ ፒአይዲ.ቲኤክስቲ.ቲኤክስቲ ይሆንና ሴትአፑ አያየውም። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ኤክስቴንሽን እንዲታይ አድርገህ አረጋግጥ። ደግሞ ቁልፉ ሪቴይል ከሆነ ሥራው ሲያልቅ ፋይሉን አጥፋው፤ አለዚያ በዚያ ፍላሽ የሚጫን ማሽን ሁሉ ያንኑ ቁልፍ ይወስዳል።

ሆም የገባባቸውን እንደገና መጫን አያስፈልግም። ሴቲንግስ፣ አክቲቬሽን፣ «ፕሮዳክት ኪይ ቀይር» ብለህ የፕሮ ቁልፍ ስጠው፤ ፋይሎቹ ሳይነኩ ወደ ፕሮ ይቀየራል። ከፕሮ ወደ ኢንተርፕራይዝም እንዲሁ። ከሆም በቀጥታ ወደ ኢንተርፕራይዝ ግን አይሄድም፣ መሃል ላይ ፕሮ ያስፈልጋል። ሲጨርስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በኤስኤልኤምጂአር /ዲኤልአይ ትእዛዝ ቻናሉን እይ።

ሰርቨር_ክፍል
የሰርቨር 2019ን ዲስክ አትርሱት። በዚያው በዲአይኤስኤም ትእዛዝ መጨረሻ ላይ /ኢንዴክስ:1 ጨምርና «ኤዲሽን» የሚለውን መስመር አንብብ። ሰርቨርስታንዳርድኢቫል ካለ የ180 ቀን መሞከሪያ ነው፤ የተገዛ ቁልፍ በሴቲንግስ በኩል ብትሰጠው አይቀበልም። ተጭኖ ከሆነ፦

ዲአይኤስኤም /ኦንላይን /ሴት-ኤዲሽን:ሰርቨርስታንዳርድ /ፕሮዳክትኪይ:ቁልፉ /አክሴፕትዩላ

10 በመቶ ላይ ደርሶ ረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ ተቀርቅሯል ብለህ አታጥፋው። ማሽኑ ዶሜን ኮንትሮለር (የኔትወርኩን ተጠቃሚዎችና ማሽኖች የሚያስተዳድር ሰርቨር) ከሆነ ይህ አይሠራም፣ መጀመሪያ ያንን ሚና አንሣለት። የዳታሴንተር (የሌላው የሰርቨር ኤዲሽን) መሞከሪያም ወደ ስታንዳርድ አይወርድም። የዊንዶውስ 10 ኢንተርፕራይዝ መሞከሪያ ካጋጠመህ ደግሞ መቀየሪያ የለውም፣ ከባዶ መጫን ነው።

ባዶ_ዲስክ
ቫምት 33ቱን ለይቷቸዋል፦ 19 ፕሮ ሪቴይል፣ 14 ኢንተርፕራይዝ ኤምኤኬ። ፒአይዲው ሠርቷል። 7ቱን ግን ልክ አይደሉም ይላል፤ ቫምቱ የቅርቡ ነው። ከስቲከር በእጅ የተገለበጡ ናቸው።

ሩት_ዩዘር
እንግዲያው የአጻጻፍ ስህተት ነው። ቁልፍ ውስጥ ዜሮ፣ 1 እና 5 የሉም፤ ከፊደላቱም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኦ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ዜድ አይገቡም። ኤክሴሉ ላይ ዜሮ ወይም ኦ ካየህ ኪው ወይም ዲ ነው፣ ዜድ ካየህ 2 ነው፣ ኤስ ወይም 5 ካየህ 8ን ሞክር። አስቸጋሪዎቹ ቢ እና 8፣ ጂ እና 6 ናቸው፤ አራቱም ስላሉ ስቲከሩን በባትሪ ብርሃን ከማየት ሌላ መፍትሔ የለም። ያስተካከልካቸውን መልሰህ ቫምት ላይ አስገባ እንጂ ማሽን ላይ አትሞክር።