ሐዋሳ ላይ ያገለገለ የቤት ዕቃ ከሰው ቤት በቀጥታ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ?

አዲሷ ተከራይ፦
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ለሥራ ተዛውሬ መጥቼ አቶቴ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቻለሁ። ቤቱ ባዶ ነው። አዲስ ዕቃ ልግዛ ብል ደመወዜ አይችለውም፤ የአንድ ፍሪጅ ዋጋ ሰምቼ ባለሱቁን ቻው ሳልል ነው የወጣሁት። ስለዚህ ሰው ቤት ሲለቅ ወይም ከከተማ ሲወጣ የሚሸጠውን እየፈለግኩ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ሁሉም "ባለቤቱ ውጭ ስለሚሄድ በአስቸኳይ የሚሸጥ" ነው፣ ስደውል ደግሞ ደላላ ያነሳል። ይሄ ሁሉ ሰው ውጭ ከሄደ ሐዋሳ ማን ቀረ? እውነተኛውን ሻጭ የት ነው የምታገኙት? የምፈልገው ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ነው። የትኛው ያዋጣል፣ የትኛውስ አይነካም?

የታቦር ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣሽ። ቴሌግራሙን እይው፣ ግን እሱን ብቻ አትጠብቂ። ደህና ዕቃ ማስታወቂያ ሳይወጣለት ነው የሚያልቀው። ሰው ቤት ሊለቅ ሲል መጀመሪያ የሚሰሙት አከራዩ፣ የግቢው ጥበቃና የሰፈሩ ሱቅ ናቸው። ለነሱ ንገሪ። ጠዋት ጀበና ቡና የምትጠጪባት ልጅ ጋም ንገሪ፣ እሷ ከደላላ በላይ መረጃ አላት።

ሌላው ወቅቱ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ይወጣሉ። ግቢ ውጭ ተከራይተው የሚኖሩት ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ምድጃ፣ መደርደሪያ ጥለው ነው የሚሄዱት ማለት ይቻላል፣ በተለይ የመኪና ትኬት ከቆረጡ በኋላ ዋጋው ራሱ ይወርዳል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ 2008 ላይ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ ሲለቁ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ምንጣፉን ሁሉ ባንድ ላይ ይሸጡታል። ለጥቃቅኑ ዕቃ ሰኞና ሐሙስ ገበያ ውጪ።

ፍሪጅ ጠጋኙ፦
ስለ ፍሪጅ እኔን ስሙኝ፣ እንጀራዬ ነው። ሻጩ "በደንብ ይሠራል፣ ይኸው በረዶ" ብሎ ቢያሳይሽ አትመኚው። ጋዙ የሚያፈስ ፍሪጅም ሌሊቱን ሙሉ ከተተወ ትንሽ በረዶ ይሠራል። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ከሶኬት እንዲነቅሉት ጠይቂ። ስትደርሺ ሞተሩን በእጅሽ ንኪው፣ ትኩስ ከሆነ አሁን ነው የነቀሉት ማለት ነው። ከዚያ አስነሺው። ሞተሩ ጠቅ ብሎ ተነስቶ ያለማቋረጥ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው። ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ፣ ዝም ካለ ሪሌው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ) ወይም ሞተሩ ራሱ ችግር አለበት፤ ሪሌ በቀላሉ ይቀየራል፣ ሞተር ከሆነ ግን ተይው። ሩብ ሰዓት ያህል ቁሚ፣ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። የፍሪዘሩ ግድግዳ እኩል መቀዝቀዝ አለበት። አንዱ ጥግ ብቻ ከቀዘቀዘ ጋዝ ጎድሏል።

የበሩን ጎማ ደግሞ በብር ኖት ፈትሺው፦ ኖቱን በሩ ላይ አጣብቀሽ ዝጊና ሳቢው። ያለምንም ትግል ሾልኮ ከወጣ ጎማው አልቋል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ 110 ቮልት ከሆነ የኛ 220 ነው፣ ትራንስፎርመር ሳትገዢ አትሰኪው። ስታስጭኚው ቁሞ ይሁን። አስተኝተውት ከመጣ ደግሞ አቁመሽ ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳትነኪው ተይው፣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ።

የአረብ ሰፈር እናት፦
ልጄ፣ ፍራሽ በርካሽ ብለሽ እንዳትገዢ። ርካሽነቱ ሌሊት ላይ ይወጣል። አልጋ ግዢ፣ ግን የእንጨት ከሆነ መጋጠሚያዎቹን በስልክሽ መብራት እይ። እንደ ቀለም ጠብታ የሆኑ ጥቁር ነጠብጣቦች ካየሽ ትኋን ነው፣ ሻጩ ዘመድሽም ቢሆን ጥለሽ ውጪ። የብረት አልጋ ይሻልሻል፣ የፈላ ውኃ ደፍተሽ ታጥቢዋለሽ፣ አለቀ። ምጣዱን ደግሞ ተሰክቶ ካልሞቀ አትግዢ። ሲሞቅ ውኃ ርጨት አድርጊበት፣ እኩል ካልደረቀ ሽቦው ችግር ሊኖርበት ይችላል። ሽቦ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ ሸክላ ግን አይጠገንም፤ ዋጋውን ያለ ሸክላ ቁጠሪው። ሳትረሺ ደግሞ አከራይሽን መስመሩ ምጣድ ይችል እንደሆነ ጠይቂ።

ቀስ በል፦
የኔ ስጋት ሌላ ነው። ቲቪ፣ ላፕቶፕ፣ ስልክ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቁ መግዛት ወንጀል ነው፣ ሳያውቁ የገዙትም ፖሊስ ጣቢያ መመላለሱ አይቀርላቸውም።

የታቦር ልጅ፦
@ቀስ በል ወንድሜ፣ ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል? እኔ ራሴ የቲቪዬ ደረሰኝ የት እንዳለ አላውቅም።

ቀስ በል፦
እሺ፣ ደረሰኝ ከሌለ በመታወቂያ ኮፒ አጭር ውል ይጻፍ፣ አንድ ጎረቤት ምስክር ይሁን፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን። ንጹህ ሻጭ በዚህ አይከፋም። ደግሞ ዕቃውን ከሰው ቤት ውስጥ እዩት እንጂ መንገድ ዳር አትቀበሉ።

አዲሷ ተከራይ፦
እግዜር ይስጣችሁ! ለአከራዬ በነገርኩ ማግስት ከኛ ጀርባ የሚለቁ ባልና ሚስት አገኘችልኝ። የብረት አልጋና ቁም ሳጥን አላቸው። ቁም ሳጥኑ የቺፑድ ነው፣ ከታች እግሩ ጋ ትንሽ አብጧል። 12 ሺህ ብለዋል። ልያዘው?

ፍሪጅ ጠጋኙ፦
እኔ እንጨት ሠሪ ባልሆንም አትያዢው እላለሁ። ቺፑድ ውኃ ከጠጣ ብሎኑን አይዝም፣ ሲፈታና ሲገጠም ይባስ ይላላል።

የአረብ ሰፈር እናት፦
አልጋዋን ያዢ። ቁም ሳጥኑ ካማረሽ ግማሹን ስጪ፣ ሊለቁ ቀን የቆረጡ ሰዎች ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ካልተሸጠላቸው ራሳቸው ይደውሉልሻል። የጭነት ባጃጁን ዋጋ ደግሞ ዕቃው ሳይጫን ጨርሺ።