የሸክላና የካሴት ምሽት በደብረ ብርሃን፦ በፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ እንደምን ዋላችሁ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷል። ርእሱ «የታላላቅ አልበሞች ታሪክ» ነው፤ ጊዜው ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ምሽት። አጀማመሩ ከአምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 (ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ፤ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀድቶ ህንድ አገር አሳተመው። ከዚያ ማሕሙድን፣ ጥላሁንን፣ ሙላቱን፣ አስቴርን እያነሳን እስከ ካሴቱ ዘመን እንወርዳለን። አስተያየታችሁን ወዲህ በሉ።

ጡረተኛው የሙዚቃ መምህር፦ ልጄ፣ ደክመህበታል፤ ተባረክ። ግን ይሄን ፕሮፖዛል ሐዋሳ ብትወስደውም፣ ጎንደር ብትወስደውም ያው ነው። አሥር ዘፋኝ በአንድ ምሽት መደርደር ስም መጥራት እንጂ ታሪክ መንገር አይሆንም። እኛ እኮ በእጃችን ሁለት ሰው አለን። ሳክስፎን ነፊው ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወለደ። የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1946 እዚሁ ደብረ ብርሃን። ምሽቱ በሁለቱ ላይ ይቁም።

ከጌታቸው እንጀምር። ፎካሪ ሲነሳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ድምፁን ከሆዱ ያወጣዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆርጠዋል፣ ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ ደግሞ ይመለስበታል። ጌታቸው ግጥሙን ትቶ ያንን ሽለላ እንዳለ በቴነር ሳክስፎን ተጫወተው። መድረክ ላይም የጀግና ልብስና ጎፈር አድርጎ ይወጣ ነበር። በማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የሠራ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ አሳታሚው ፊሊፕስ የታተመው ሸክላው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳክስፎኑ የሚናገርበት ነው። ፈረንጆቹ ኋላ «የኢትዮጵያ ሳክስ ንጉሥ» ብለው ኢትዮፒክስ በሚባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ኅትመት 14ኛ ቁጥር ያወጡት ይሄንኑ ነው። እነሱ እስኪነግሩን መጠበቃችን ያንገበግበኛል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል!

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ሐሳቡን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ኃይሉ ከዚህ የወጣው በአሥር ዓመቱ ነው። አኮርዲዮን የያዘው አዲስ አበባ ነው፤ አልበሞቹም የተሠሩት ሌላ ቦታ ነው። ባነር ላይ «ደብረ ብርሃን ያፈራችው ሙዚቃ» ብለን ብንለጥፍ የሚያውቅ ሰው ይስቅብናል። «እዚህ የተወለደው ሰው አልበሞቹን እንዴት ሠራ?» እንበል። ጥያቄውም የሚያጓጓው እሱ ነው።

ደግሞ «ሞፈር» ያሉት ለኃይሉ ካሴት አይሆንም። ኃይሉ በ1985 ያወጣውን ካሴት ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ገበያ ላይ ገዛው። ዝም ብሎ አላባዛውም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ አግኝቶ፣ ተነጋግሮ በ2013 አሳተመው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ዋሽንግተን ባለው ደለስ አየር ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ያወጣና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ካሴቱንም ብቻውን ነው የሠራው፤ አኮርዲዮኑን በሮድስ ፒያኖና በሙግ ሲንተሳይዘር ላይ እየደረበ። ከአንድ ባንድ ሙሉ ሰው ተለይቶ የቀረ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

የድምፅ ባለሙያው፦ እኔ ደግሞ «ቼ በለው»ን አስቀድማለሁ። ኃይሉ ከነበረበት ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1977 የወጣ አልበም ነው፤ ካይፋ የሚባለው ማሳተሚያ ነው ያሳተመው፤ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን ተጫውቶበታል። ድምፃዊ የለውም፤ የዘፋኙን ቦታ የያዘው የኃይሉ ኦርጋን ነው። የሚታወቅ ዜማ ከፍተን ሰዉ ግጥሙን በልቡ ሲለው ኦርጋኑ የት ላይ እንደሚተነፍስ እናሳየው። ከዚያ የሰዓት እላፊውን ዘመን እናንሳ። ዋልያስ ሒልተን ሲጫወቱ የገባው ሰው ሌሊቱን መውጣት ስለማይችል እስኪነጋ ይጨፍራል፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ባንድ አልበም ለመቅዳት ሲገባ ልምምድ አያስፈልገውም።

አዳራሹ ግን ያስተጋባል። በስልክ ተገናኝቶ የሚከፈት ነገር ከመጣ እኔ የለሁበትም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁላችሁም ስለ ዘፈኑ ብቻ ነው የምታወሩት፤ ስለ ፈቃዱ ያነሳ የለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይሄ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፤ በአደባባይ ለሕዝብ ማሰማት ፈቃድ ይፈልጋል። የኃይሉን አሳታሚውን በደብዳቤ እንጠይቅ፤ በሕይወት ያለ ሰው ስለሆነ ለራሱም ቢጻፍለት ደስ ይለዋል። ጋሽ ጌታቸው በ2016 ስላረፉ ቤተሰቦቻቸውን እንፈልግ። ኦሪጅናል ሸክላ እንግዛ የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ሰርዙልኝ፤ የማኅበሩ ሣጥን አይችለውም። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ካሴት ስላለ ሰዉ ይዞ ይምጣ፤ ስሙን ጽፈን ጠረጴዛ ላይ እንደርድረው፣ ሲወጣ ይውሰድ።

ጡረተኛው የሙዚቃ መምህር፦ ይሄ ጥሩ ነው። ልጄ፣ አንተም ያልከው ልክ ነው፤ «አፈራች» የሚለው ይውጣ። ግን «ሞዓ አንበሳ» ይግባልኝ። ጌታቸው ዘ ኤክስ ከሚባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር በ2006 ያወጣው ነው፤ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከባንዱ ልጆች እኩል ነው የሚነፋው። እነሱ በጊታር ይጮኻሉ፣ እሱ ሽለላውን አይለቅም።

ጸሐፊ፦ እሺ። አምሃን ግን ጨርሼ አላወጣም፤ ካይፋ የመጣው እሱ ከደፈረ በኋላ ነው፣ ያለ እሱ «ቼ በለው»ን ማን ያትመው ነበር? አንድ አንቀጽ መግቢያ ይሁንለት። የተሻሻለው ዓላማ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን በአሁኑ ሰሜን ሸዋ የተወለዱ ሁለት ሙዚቀኞች፣ ጌታቸው መኩሪያና ኃይሉ መርጊያ፣ አልበሞቻቸውን ከማን ጋር፣ የትና በምን ሁኔታ እንደሠሩ የሚተረክበትና ሥራዎቹ በባለ መብቶቹ ፈቃድ የሚደመጡበት አንድ ምሽት ለማዘጋጀት የአዳራሽ ትብብር ይጠይቃል።»

የሚደመጡት አራት፦ የጌታቸው የፊሊፕስ ሸክላ፣ «ቼ በለው»፣ የ1985ቱ ካሴት፣ «ሞዓ አንበሳ»። ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ጊዮን ሆቴል የቀዳው «ወደ ሐረር ጉዞ» ሰዓት ከተረፈ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የፈቃድ ደብዳቤዎቹን እኔ እጽፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጂኔሬተር በጀቱ ውስጥ አልገባም። መብራት ቢጠፋስ? አስገቡና እፈርማለሁ።