ማታ የሚያላዝን ውሻና የሲኦሲ ፈተና

ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከ9 ቀን በፊት አንድ ወንድ ውሻ ወሰድኩ። 2 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ባለቤቱ ሥራ ሲቀይር ነው የሰጠኝ። የእብድ ውሻ ክትባት ተከትቧል። ቀን ቀን ጨዋ ነው፤ የአከራዬን ዶሮዎች እንኳ ዞር ብሎ አያይም።

ጉዱ ማታ ነው። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናዬ 3 ሳምንት ቀርቶታል፤ የሂሳብ አያያዝ፣ ደረጃ 4። ቀን ሥራ ስለምውል የማጠናው ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ነው። በሬን ዘግቼ ደብተር ስገልጥ ማላዘን ይጀምራል። በሩን ይቧጭራል። ጅብ ከጮኸማ አለቀ! የጅማን ጅብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በረንዳው ላይ አሰርኩት፤ ባሰበት። አጥንት ሰጠሁት፤ 20 ደቂቃ ዝም አለ፣ ከዚያ ያው ነው። ተቆጣሁት፤ ጭራሽ ጮኸ። አንድ ማታ ተደብቄ ሳስገባው እግሬ ሥር ተኝቶ ትንፍሽ አላለም። ግን አከራዬ እማማ የሚሰግዱበት ግቢ ነው፤ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፣ ቤቱ የሳቸው ነው።

ቤት ሳላስገባው፣ ማታ ማታ እነዚያን 3 ሰዓታት በረንዳው ላይ ጸጥ ብሎ እንዲቆይ እንዴት ላስለምደው?