የከተማው የሥነ ጽሑፍ ገንዘብ ለፌስቲቫል ይውል ወይስ ለአርታኢ?

ርዕሱን ያነሳው፦
ትልቅም ትንሽም ያልሆነች፣ ከዋና ከተማ የራቀች ከተማ አለች እንበል። ገጣሚ አላት፣ ልብ ወለድ የሚጽፍ አላት፣ የግጥም ምሽትም አላት። አስተዳደሩ ለሥነ ጽሑፍ መጠነኛ ገንዘብ ሊመድብ ነው። በዓመት አንዴ የሦስት ቀን ፌስቲቫል ያዘጋጅበት ወይስ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆይ ሥራ ያውለው? የኔን ልናገር፦ ፌስቲቫሉ ይቅር።

የፌስቲቫሉ ደጋፊ፦
ኧረ በፍጹም! የእንዲህ ዓይነት ከተማ ጸሐፊ ትልቁ ችግሩ የሚያየው ማጣቱ ነው። አሳታሚው ዋና ከተማ፣ ጋዜጠኛው ዋና ከተማ፣ ሃያሲው ዋና ከተማ። ፌስቲቫል እነዚህን ሰዎች ደጅህ ድረስ ያመጣልሃል። በሰሜን መቄዶንያ ስትሩጋ የምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ አለች። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) የግጥም ፌስቲቫል ታዘጋጃለች። የወርቅ አክሊል ሽልማቷን የቺሊው ገጣሚ ፓብሎ ኔሩዳም የሴኔጋሉ ገጣሚና ፕሬዝዳንት ሴንጎርም ወስደውታል። ፌስቲቫሉ ባይኖር ስትሩጋን ማን ያውቃት ነበር? የዌልሷ ሄይ ኦን ዋይም 2,000 የማይሞላ ሕዝብ ይዛ ከ1988 ጀምሮ የዓለምን ደራሲ ትሰበስባለች።

ርዕሱን ያነሳው፦
ሄይን ካነሳሽ ከሥሩ እንነሳ። ፌስቲቫሉ ሲጀመር ከተማዋ ያገለገሉ መጻሕፍት መሸጫ ሆና ከ20 ዓመት በላይ ቆይታ ነበር። እንግዳው የመጣው መጽሐፍ ወዳለበት ነው። ሌሎቹንም እዪ። የአሜሪካዋ አዮዋ ሲቲ 75,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የጸሐፍት ወርክሾፑን የጀመረው በ1936 ነው፤ ዩኔስኮ የሥነ ጽሑፍ ከተማ ያላት በ2008። የእንግሊዟ ኖርዊች ውስጥ የድርሰት ትምህርቱ በ1970 ተጀመረ፣ ማዕረጉ በ2012 መጣ። የኒውዚላንዷ ዱነዲን ደግሞ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዋ በኩል በየዓመቱ ለአንድ ጸሐፊ የዓመት ደመወዝና የሥራ ክፍል ትሰጣለች። ማዕረጉን ያገኘችው በ2014 ነው። ሦስቱም ጋ ሥራው ቀደመ፣ ዝናው በኋላ ደረሰ።

አንድ አንባቢ፦
የጠቀስካቸው ሁሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ያላቸው ናቸው። የሌላት ከተማስ ምን ታድርግ?

ርዕሱን ያነሳው፦
ጥያቄህ ልክ ነው። ግን የወርክሾፕ ዋናው ነገር ዲግሪው አይደለም። አንድ ጠረጴዛ፣ አሥር ሰው፣ ቀደም ብሎ የታደለ ረቂቅ። ሁሉም በእስክሪብቶ እያሰመረ አንብቦ ይመጣል። በተለመደው አሠራር ደራሲው ራሱ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ስለ ጽሑፉ ሲከራከሩ እሱ ይሰማል፣ ይጽፋል። «እኔ ለማለት የፈለግኩት እኮ...» ማለት የለም። ወረቀቱ ላይ ከሌለ የለም ማለት ነው። አሁን ይሄን ከግጥም ምሽቱ ጋር አስተያየው። ገጣሚው ከስልኩ ላይ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ቀጣዩ ይጠራል። ሦስተኛው ስንኝ ለምን እንደላላ የሚነግረው አንድ ሰው አያገኝም። በዓመቱ ያንኑ ግጥም በዚያው ስንኝ ያነባል፣ ያንኑ ጭብጨባ ይዞ ይወርዳል።

ገጣሚዋ፦
ወንድሜ፣ መድረኩን አታቃልለው። ብዙዎቻችን ድምፃችንን ያገኘነው እዚያ ነው። ደግሞ አንድ የረሳኸው ነገር አለ። እንዲህ ባለ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። ነገ መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው፣ ምናልባትም የወንድሜ ጓደኛ የሆነውን፣ ልብ ወለድህ ገጽ 40 ላይ ሞቷል ልለው ነው? ይቀየመኛል። የሱ ወገን በሙሉ ይቀየመኛል። የሚቀጥለው ምሽት ላይ ስሜ ከዝርዝሩ ይወጣል። ዝም የምንለው ስላልገባን አይደለም።

ርዕሱን ያነሳው፦
እህቴ፣ ነገሩን አገኘሽው! ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከሌላ ከተማ፣ ከማንም ጋር የማይዛመድ ጥሩ አርታኢ ይቀጠር። በወር አንዴ ይምጣ፣ ተገቢ ክፍያውን ያግኝ፣ ረቂቅ ያንብብ። ለሦስት ቀን ድንኳንና ሆቴል የሚወጣው ገንዘብ ይሄን ለረጅም ጊዜ ያሠራል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
በሁለታችሁም ወሬ ውስጥ አንባቢው የት አለ? የከተማዋ ልጆች ያሳተሙትን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍቱ ቢገዛስ? ደራሲው የገንዘብ መጠየቂያ ዶሴ ይዞ ከሚንከራተት መጽሐፉ ይሸጥለት። ዴንማርክ እኮ ከ1946 ጀምሮ መጻሕፍታቸው በቤተ መጻሕፍት ለሚገኙ ደራሲዎች ትከፍላለች። እንደዚያ ዓይነቱ ክፍያ የአገር ሕግ ይጠይቃል፣ መግዛት ግን ከተማ ብቻውን ይችላል።

ርዕሱን ያነሳው፦
እስማማለሁ። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ያልታረመ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቢደረደር አንባቢው አንዴ ይሞክራል፣ ሁለተኛ አይመለስም።

የፌስቲቫሉ ደጋፊ፦
እሺ፣ ፌስቲቫሉን ለጊዜው ልተወው። ግን አንድ ነገር መልስልኝ። የማን ረቂቅ ይነበባል? መራጮቹ ዛሬ ማይክሮፎኑን የያዙት ሰዎች ከሆኑ ገንዘቡ ከክበቡ አይወጣም። ፌስቲቫል ቢያንስ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው።

ርዕሱን ያነሳው፦
ረቂቆቹ ስም ሳይጻፍባቸው ይግቡ፣ አርታኢው ብቻውን ይምረጥ። ከክበቡም ከአስተዳደሩም ማንም እጁን አያስገባ፤ የነሱ ድርሻ አዳራሹን መክፈትና ሒሳቡን በሰዓቱ መክፈል ነው። የተመረጡትም የቀሩትም በጽሑፍ አስተያየት ያግኙ። ይሄ ካልተሟላ እኔም ካንቺ ጋር ሆኜ እቃወማለሁ።