የሕዝብ መመናመን በእንግሊዝ ገበሬ ማዕድ ላይ ምን ለወጠ?

ጠያቂ (ከጅማ)፦ በቡና ለቀማ ወቅት ሠራተኛ ስለሚጠፋ፣ ለቃሚዎቻችን ከሒሳባቸው ሌላ ምሳቸውም እንዲሻሻል ይጠይቃሉ፤ ትናንት በሽሮ ፈንታ ሥጋ ወጥ አቀረብሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1348 እንግሊዝ የገባው ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ከጨረሰ በኋላስ የተረፈው ገበሬ ምን ይበላ ነበር?

መልስ 1፦ ጥያቄዎ ከምሳዎ ጋር በእጅጉ ይገናኛል። በኖርፎክ፣ ሴጅፎርድ በተባለው ርስት የአጫጆች ቀለብ ተመዝግቦ ቆይቶልናል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው የገብስ ዳቦ ከጥቂት ሥጋ ጋር ይቀርብላቸው የነበሩት አጫጆች፣ በ15ኛው መጀመሪያ ላይ የስንዴ ዳቦ፣ ብዙ ትኩስ ሥጋና ከቀድሞው የበለጠ ጠላ መሰል መጠጥ ያገኙ ነበር። ይህን መዝገብ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ለውጡ በአንድ አጫጅ ምሳ ላይ ይታያልና።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለውጡ በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። መንግሥት በ1351 ባወጣው ሕግ ደመወዝን ከወረርሽኙ በፊት በነበረበት ሊያግድ ሞክሯል፤ የእህል ዋጋም በ1370ዎቹ አጋማሽ እስኪወድቅ ድረስ ውድ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሠራተኛ ያጡ ባለርስቶች መሬታቸውን ለገበሬ አከራዩ፣ ብዙ እርሻም የበግ ግጦሽ ሆነ፤ በግ ጥቂት እረኛ ይበቃዋል። በዮርክሻየር የምትገኘው ዋረም ፐርሲ የተባለች መንደር በ1500 ገደማ ባዶ ቀርታለች፤ የቤቶቿ መሠረት ዛሬም በሣሩ ሥር ይለያል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአከራዮቹን ውል ጉዳይ በሌላ ጥያቄ እመለስበታለሁ።