በፈረቃ በሚመጣ ውኃ ብስክሌትን እንዴት ማጽዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ ሲሆን ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም በሌሊት ነው። በመጣ ጊዜ አሥራ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሞልተን ለአራት ሰው እናብቃቃዋለን። ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ስለሆነ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ጭቃው ከፓራፋንጎው ሥር እየደረቀ ጎማውን አላዞር እስከማለት ይደርሳል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሙሉ ጀሪካን ባፈስበትም ካቴናው በሦስተኛው ቀን ዝጎ ይንጫጫ ጀመር። ውኃውንም ብስክሌቱንም ሳልጎዳ የማጸዳበትን መንገድ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ፦
ውኃ አንሶት ከተበላሸ ብስክሌት ይልቅ ውኃ በዝቶበት የተበላሸውን ነው አዘውትሬ የምጠግነው። በኃይል የተለቀቀ ውኃ በፔዳሉና በጎማው እምብርት ወዳለው ኩሽኔታ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ግራሶ ያጣ ኩሽኔታም ይዝጋል፣ ይፋጫል። ስለዚህ ጭቃውን እርጥብ ሳለ አይንኩት። ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በእንጨት ስንጥርና ባረጀ የልብስ ብሩሽ ቢያራግፉት አብዛኛው ያለ አንዲት ጠብታ ውኃ ይወርዳል። ለቀረው ሦስት ሊትር ይበቃል፦ ግማሹን በጥቂት ሳሙና በጥብጠው፣ ጨርቅ ነክረውና አጥብቀው ጨምቀው፣ ከመሪውና ከኮርቻው ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ አሸዋ የያዘ ጨርቅ ቀለም ስለሚፍቅ ጎማዎቹን ለመጨረሻ ያቆዩአቸው። በቀረው ግማሽ ሳሙናውን ያስለቅቁ።

ካቴና ግን በውኃ አይታጠብም። ከእሳት ርቀው፣ ላምባ በነካ ጨርቅ ይዘውት ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ይጥረጉት፤ ሲደርቅ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ ያድርጉና አቧራ እንዳይሰበስብ ትርፉን ይጥረጉ። ዘይቱ ቸርኬውን ከነካ ፍሬኑ አይዝም፤ እባክዎ ይጠንቀቁ።

ከአንዲት እናት፦
ለብስክሌቱ የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ውኃ ይበቃዋል። ወደ ቧንቧችን የሚደርሰው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ለመጠጥ ተብሎ የተዘጋጀ ውኃ ነውና ጭቃ ማውረጃ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። በሳሙና የወፈረውን እጣቢ ደግሞ እኛ ለሽንት ቤት እናደርገዋለን።

ከሁሉ በፊት ግን ቧንቧዎን ይመልከቱ። የእኛ ማድ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥብ ስለነበር ውኃ በመጣበት ሌሊት ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ባድር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሰባት ሊትር ያህል አጠራቅሞ አገኘሁት፤ በሙሉ ቀን ሲሰላ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ማለት ነው። ጥፋቱ ያረጀች ጎሚኒ ነበረች።

ከሌላ ተሳታፊ፦
ወቅቱ ክረምት ሆኖ ሳለ ጣራዎን ለምን ይረሱታል? በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው፤ 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአሸንዳው 200 ሊትር ገደማ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚወርደው የጣራ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚይዝ ይፍሰስ፤ ቀጥሎ ያለውን በበርሜል ይቀበሉና ትንኝ እንዳይራባበት ይክደኑት። ለመጠጥ አይሁን እንጂ ለብስክሌትና ለወለል መልካም ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጭቃውን በደረቁ አራግፌ፣ በልብስ ማለቅለቂያ ውኃ ወልውዬው ሦስት ሊትር እንኳ አልፈጀብኝም። ካቴናውንም በላምባ ጠርጌ ዘይት ሰጥቼዋለሁ፤ መንጫጫቱን አቁሟል። በርሜሉን የማቆምበት ቦታ ከአከራዬ ጋር እነጋገራለሁ።