ደረት የበሳ ቁስል፦ ይታሸግ ወይስ ክፍት ይተው?

ጥያቄ፦
ስለት ደረትን በስቶ ቁስሉ አየር ሲስብ ቢሰማ፣ አምቡላንስ ከጠራን በኋላ ምን እናድርግ? ፕላስቲክ አድርጎ ሦስቱን ጎን በፕላስተር መለጠፍ ይበቃል?

መልስ 1፦
በሦስት ጎኑ መለጠፍ አስተማማኝ አይደለም። ክፍት የተተወው ጎን በረጋ ደም ይደፈናል፤ ፕላስተሩም እርጥብ ቆዳ ላይ አይይዝም። ሲደፈን ከተጎዳው ሳንባ የሚወጣው አየር መውጫ አጥቶ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል። ሳንባውን ያጨማድዳል፣ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል፤ ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የአየር ማስተንፈሻ ያለው የደረት ማሸጊያ ካላችሁ ቆዳውን አድርቃችሁ፣ ተጎጂው አየር ሲያስወጣ ለጥፉት፤ ከቁስሉ ጠርዝ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ። ከሌላችሁ ክፍት ተዉት። ደም ከፈሰሰ በጓንትና በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑ፤ ጨርቁ በደም ርሶ ቀዳዳውን እንዳይደፍን ግን እያያችሁ ቀይሩት።

መልስ 2፦
ሌላ ቁስል ይኖር እንደሆነ ጀርባና ብብት ሳይታይ አይታለፍ፣ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ቢላው እዚያው ተሰክቶ ከሆነ በፍጹም አትንቀሉት፤ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳይነቃነቅ አድርጉ።

መልስ 3፦
ከታሸገ በኋላ ትንፋሹ እየከበደ ከሄደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ማሸጊያውን ወዲያው አንሡት። ራሱን የሚያውቅ ከሆነ በሚመቸው አኳኋን ይቀመጥ። ራሱን ስቶ ከተነፈሰ በተጎዳው ጎኑ አስተኙት። ውኃም ምግብም አይሰጠው። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ጀምሩ።